ውሃው ቢቋረጥ ግንቡ ለምን ይፍረስ?

ስለ ሕንፃ ጥበብ የሚጻፈው ነገር በአብዛኛው ከሦስት ደጃፎች አይርቅም፤ ከቤተ መንግሥት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከባለጸጋ አዳራሽ። ሕዝብ ውሃ የጠጣበት፣ እህል ያስፈጨበት፣ ጭነት ያራገፈበት ሕንፃ ግን የመሐንዲስ ሥራ እንጂ የጥበብ ሥራ አይደለም ተብሎ ከታሪኩ ደጅ ይቀራል። ከደጅ የቀረ ነገር ደግሞ ጠባቂ የለውም፤ አገልግሎቱ ባበቃ ማግስት ዶማና ድማሚት ይጠብቁታል። በእንግሊዝ አገር ገጠር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት፣ የተሠሩት የውሃ ማማዎች የብዙዎቹ ዕጣ ይኸው ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እነዚህ ማማዎች የሚነሣው ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት የጡብና የብረት ክርክር ይመስላል። ሥሩ ግን ጠለቅ ያለ ነው፤ ውበት ለማን ይገባል? የጋራ የነበረ ነገር ሥራው ሲያበቃ የማን ይሆናል?

የውሃ ማማ በአናቱ ላይ ትልቅ ገንዳ የተሸከመ ግንብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የተገኘው ውሃ በእንፋሎት ሞተር ኃይል እየተገፋ ወደ ገንዳው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢያርፍም እንኳ ውሃው በገዛ ክብደቱ በቧንቧ እየወረደ ወደ ቤቱና ወደ በረቱ ይደርሳል። ገንዳው በአሥር ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በታችኛው ቧንቧ ላይ ያለው ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል። ተራራ ያለው አገር ገንዳውን በተራራው ላይ ያስቀምጣል። እንደ ኖርፎክና እንደ ኤሴክስ ያለ ሜዳማ ግዛት ግን ተራራውን ራሱ መሥራት ነበረበት። የውሃ ማማ በሰው እጅ የቆመ ተራራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ተራራ ያሠራው የሞት ፍርሃት ነው። በ1854 በለንደን በሶሆ ሠፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የበሽታው ምንጭ በብሮድ መንገድ የነበረው የውሃ መቅጃ መሆኑን አሳየ። በ1875 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግም የየአካባቢው አስተዳደር ለነዋሪው ውሃ እንዲያቀርብ ኃላፊነት ጣለበት። ታይፎይድ የተባለው የአንጀት ተስቦ ጌታና ሎሌ አይለይም ነበር። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት በ1861 ሲሞት የሞቱ ምክንያት ይኸው በሽታ ነው ተባለ። ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ በ1871፣ ልጁ ኤድዋርድ የዌልስ ልዑል ስካርብራ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በእንግድነት አርፎበት ከነበረው ቤት በሽታውን ይዞ ተመለሰና በኖርፎክ በሚገኘው በሳንድሪንግሃም ቤቱ ከሞት አፋፍ ደርሶ ዳነ። በዚያው ሰሞን በዚያው በሽታ ከተያዙት መካከል አንድ መኳንንትና የልዑሉ ፈረስ ጠባቂ ሞቱ። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ማዕረግ ጋሻ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

ከዚህ ድንጋጤ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1877፣ በዚያው በሳንድሪንግሃም ርስት ላይ አፕልተን በተባለች ቦታ የውሃ ማማ ተሠራ። ሥራው የሮበርት ሮውሊንሰንና የጄምስ ማንሰርግ ነው፤ ሁለቱም መሐንዲሶች ነበሩ። ሮውሊንሰን በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1855፣ ከቁስል ይልቅ በቆሻሻ ያልቅ የነበረውን የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታልና ሠፈር እንዲመረምርና እንዲያጸዳ የተላከው የጤና ጓድ አባል ነበር። ማንሰርግም ኋላ በዌልስ አገር በኢላን ሸለቆ ለበርሚንግሃም ከተማ ውሃ የሚያጠራቅሙትን ታላላቅ ግድቦች ነድፏል። ስለዚህ አፕልተንን ያቆሙት ሰዎች ጌጥ ለማሳደድ የወጡ አልነበሩም፤ የቆሸሸ ውሃ ምን ያህል ሰው እንደሚፈጅ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ግን ገንዳቸውን በአራት የብረት እግሮች ላይ አስቀምጠው አልሄዱም። ከባለ ብዙ ቀለም ጡብና ድንጋይ፣ የጥንቱን የቢዛንታይን አሠራር በሚያስታውስ ስልት፣ ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ አቆሙ። በዚያ ዘመን ጆን ራስኪን ከ1851 እስከ 1853 ባሳተመው ስለ ቬኒስ ሕንፃዎች በሚናገር ሥራው የእንግሊዞችን ዓይን ወደ ጣሊያን ቀለማማ ግድግዳዎችና ቅስቶች መልሶት ነበርና የጊዜው መንፈስ እስከ ገጠር የውሃ ሥራ ድረስ ዘልቆ ነበር። የማማው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎቆች የጠባቂው መኖሪያ ነበሩ። ከነሱ በላይ ያለው ክፍል ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተተወ መመልከቻ ሲሆን መግቢያው የተለየ ነበር፤ ከግንቡ ጐን ወጣ ብሎ በተሠራ ደረጃ ይደረስበታል። ከሁሉ በላይ 32,000 ጋሎን፣ ማለትም 145,000 ሊትር ያህል የሚይዝ የብረት ገንዳ ተቀመጠ። ገንዳው ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ 145 ቶን ይደርሳል። የቤቱ ምድጃዎች ጭስ መውጫ በዚሁ ገንዳ እምብርት አልፎ ወደ ሰማይ እንዲወጣ ተደረገ፤ በብርድ ወራት ውሃው እንዳይረጋ መሆኑ ነው። ጠባቂው ራቱን ለማብሰል ያነደደው እሳት በላዩ ያለውን ውሃ ያሞቅ ነበር። ይህን ያህል ብልሃት በአንድ ጭስ መውጫ ውስጥ ያኖረ ሕንፃ የጥበብ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ጥበብ የሚለውን ቃል እንደገና ሊመረምር ይገባዋል።

በነዚህ ማማዎች ላይ የተሰነዘረው የመጀመሪያው ክስ ከወደ ጥበበኞቹ መንደር የመጣ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኦስትሪያው የሕንፃ ባለሙያ አዶልፍ ሎስ ጌጥን ከወንጀል ጋር ካቆራኘ ወዲህ፣ እሱን የተከተሉ ሁሉ የቪክቶሪያን ዘመን ሕንፃ ውሸታም አሉት። ገንዳ ገንዳ መስሎ ይታይ፤ ቅስትና ቀለማማ ጡብ የሚያለብሰው ሰው እውነቱን ይደብቃል ይላሉ። ክሱ በከፊል እውነት አለው። ጠላት ለማይመጣበት ገንዳ የምሽግ ጥርስ ያበጁለት፣ ቀስተኛ ለማይቆምበት ግድግዳ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ያወጡለት ማማዎች ነበሩ። ውሸት ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ በ1923 በሳፎክ ግዛት በቶርፕነስ የተሠራውን ይመልከት፤ ከዛፎች በላይ የተቀመጠው ገንዳ የገበሬ ጎጆ መስሎ እንዲታይ ጣራና ግድግዳ ለብሷል። ይህኛው ግን ከቪክቶሪያ ዘመን ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው።

አፕልተን ከዚህ የተለየ ነው። ግንቡ ገንዳ መሸከሙን አይክድም። ወፍራሙ ግድግዳ 145 ቶን ውሃ ስለሚሸከም ወፍራም ሆነ፤ ቧንቧው ከውርጭ እንዲጠበቅ በግድግዳ ውስጥ ገባ፤ ጠባቂው ከሥራው እንዳይርቅ ከሥሩ ቤት ተሠራለት። ጌጡ የመጣው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው፤ የመጣውም ለመደበቅ ሳይሆን ለማክበር ነው። ሰው የሚወደውን እንግዳ በተራ ሰሌን ላይ አያስቀምጥም። ለብዙ ትውልድ ከኩሬና ከተበከለ ጉድጓድ ይቀዳ በነበረ አገር ንጹሕ ውሃ ታላቅ እንግዳ ነበር፤ ግንበኛውም እንደ እንግዳ ተቀበለው። ይህን አክብሮት ሐሰት የሚለው ወገን ራቁት ሲሚንቶም አንድ ዓይነት ልብስ መሆኑን ዘንግቷል። ያለጌጥ መሥራትም የጣዕም ምርጫ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ያለ ነው። አፕልተን ለልዑል ርስት የተሠራ ነው፤ ጠባቂው ከታች እያደረ መኳንንቱ ከላይ ሆነው አገር የሚያዩበት፣ በአንድ ግንብ ሁለት መግቢያ ያለው፣ የመደብ ልዩነት በጡብ የተጻፈበት ሕንፃ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማዳን ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ልዩነቱ በጡብ ተጽፏል። ነገር ግን የተጻፈን ማስረጃ ማጥፋት የተጻፈበትን በደል አያጠፋም፤ በደሉ እንዳይታወቅ ይረዳል እንጂ። ከዚህም በላይ ሕንፃው የሚመሰክረው ስለ ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ጡቡን የደረደረው፣ ቅስቱን ያዞረው፣ የብረቱን ገንዳ እየገጣጠመ ውሃ እንዳያፈስ ያደረገው ሠራተኛ ስሙ በየትም አልተቀረጸም፤ ያለው መታሰቢያ ግንቡ ብቻ ነው። ግንቡን በልዑሉ ምክንያት የሚያፈርስ ሰው የልዑሉን ስም አያጠፋም፤ የልዑሉ ስም ሺህ መጻሕፍት ውስጥ አለ። የሚያጠፋው የግንበኛውን ነው።

አሁን እንዴት እንደጠፉ ይታይ። የኤሌክትሪክ ሞተር በመጣ ጊዜ ውሃን በግፊት በቀጥታ ወደ ቧንቧ መስደድ ተቻለ፤ ትንንሾቹ ገንዳዎች ለጨመረው ፍጆታ አነሱ። በ1973 በወጣው የውሃ ሕግ መሠረት ከሚያዝያ 1974 ጀምሮ የእንግሊዝና የዌልስ የውሃ ሥራ በአሥር ታላላቅ የክልል ባለሥልጣኖች ሥር ተጠቃለለ፤ በ1989 ደግሞ እነዚህ ወደ ግል ኩባንያነት ተለወጡ። የመንደሩ ማማ በመንደሩ ሰዎች እጅ ሳለ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። ወደ ሩቅ ቢሮ መዝገብ ሲገባ ግን የዕዳ መስመር ሆነ፤ ብረቱ ቀለም ይፈልጋል፣ ጡቡ ምርጊት ይፈልጋል፣ ጣራው የርግብ መኖሪያ ይሆናል፣ የሚያስገባው ገቢ ግን የለም። በዚህ ዓይነት ሒሳብ ብዙዎቹ ያለ አንድ መስመር መታሰቢያ ወደቁ።

ታላቅ ስምም አላዳነም። በለንደን አጠገብ በሲደንሃም ኮረብታ ላይ ለነበረው የመስታወት ቤተ መንግሥት ምንጮች ውሃ የሚሰጡትን፣ ከ80 ሜትር በላይ ከፍታ የነበራቸውን ሁለት ማማዎች የነደፈው እንግሊዞች ከመሐንዲሶቻቸው ሁሉ አብልጠው ከሚያወድሷቸው አንዱ የሆነው ኢዛምባርድ ብሩኔል ነበር። ቤተ መንግሥቱ በ1936 ሲቃጠል ሁለቱም ማማዎች ከእሳቱ ተርፈው ነበር። ደቡባዊው ከዚያ በኋላ ተፈታ፤ ሰሜናዊው በ1941 በድማሚት ተደረመሰ። ጦርነት ነበር ይባል ይሆናል። ታዲያ በ1837 የተሠራው የዩስተን ባቡር ጣቢያ ታላቅ በር በ1961 እና በ1962 ሲፈርስ የትኛው ጦርነት ነበር? የቪክቶሪያን ዘመን ሕንፃዎች ለማዳን የቆመው ማኅበር ከተመሠረተ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ጮኸ፤ የሰማው ግን የለም። በለንደን መካከል የቆመ በር በዚህ ዓይነት ከፈረሰ በሩቅ የገጠር ሜዳ የቆመ ማማ ምን ጠበቃ ይኖረዋል?

እዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። ቤርንትና ሂላ ቤኸር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ከ1959 ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞሩ የውሃ ማማዎችን፣ የብረት ማቅለጫዎችንና የማዕድን ጉድጓድ ማውጫዎችን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አነሡ። በ1970 ያሳተሙትን መጽሐፍ ርእስ ስም የለሽ ቅርጻ ቅርጾች አሉት፤ በ1988 ስለ ውሃ ማማዎች ብቻ ሌላ መጽሐፍ አወጡ። በ1990 በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ሽልማት ሲሰጣቸው የተሸለሙት በፎቶግራፍ ዘርፍ ሳይሆን በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነበር። እንግዲህ የማማው ምስል የጥበብ ሥራ መሆኑ በታላላቅ ሙዚየሞች ተመስክሮለት በግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ማማው ራሱ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ነጋዴ ይሸጣል። ምስሉን በመስታወት ጀርባ አስቀምጦ አካሉን ለዶማ የሚሰጥ ትውልድ ቅርስ ጠበቅሁ ሊል አይችልም። ፎቶግራፍ ውስጥ ደረጃ መውጣት አይቻልም፤ የጡቡን ቅዝቃዜ በመዳፍ መዳሰስም፣ ከአናቱ ቆሞ አገር ማየትም አይቻልም።

ከመፍረስ የከፋ ባይሆንም ከመፍረስ ያልራቀ ሌላ ጥፋት አለ፤ እሱም ማማውን እንደ ማንኛውም ቤት ገበያ አውጥቶ መሸጥ ነው። ከከተማ የመጣ ባለገንዘብ ይገዛዋል፤ ገንዳው ይወጣል ወይም ሳሎን ይሆናል፤ አጥር ይታጠራል፤ በር ይዘጋል። በሰሪ ግዛት በሙንስቴድ እንደተደረገው በብዙ ዓመት ትዕግሥትና በባለሙያ እጅ የተለወጠ ማማ መኖሩ አይካድም፤ እንዲህ ያለው ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ ግንቡ ቆሟልና። ይሁን እንጂ የመንደር ሁሉ ውሃ የነበረው የአንድ ሰው መስኮት ሲሆን ቅርጹ ተረፈ እንጂ ትርጉሙ ተቀይሯል። ቅርጽንና ይዘትን ለያይቶ ቅርጹን ብቻ ማዳን የግማሽ ማዳን ነው።

ይህ ጠብ ወደ ከተማ ሲገባ ይበልጥ ተካሯል። በኤሴክስ ግዛት በኮልቸስተር ከተማ፣ ከጥንቱ የሮማውያን በር አጠገብ፣ በ1883 የተጠናቀቀ ታላቅ የውሃ ማማ ቆሟል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቷል፤ ገንዳው 230,000 ጋሎን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይይዝ ነበር። ሕዝቡ የሚጠራው ጃምቦ በሚል ስም ነው። ስሙን በማሾፍ ያወጣለት ማማው ደጁ ላይ በመቆሙ የተቆጣ አንድ ቄስ እንደሆነ ይነገራል። ጃምቦ በዚያው ዓመታት እንግሊዝን ያስለቀሰ ዝሆን ነበር። በግልገልነቱ በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ አካባቢ እንደተያዘ ይነገራል፤ በ1865 ለንደን የአራዊት መጠበቂያ ገባ፤ በ1882 የሕፃናት ለቅሶ እየተሰማ ለአሜሪካዊው የሰርከስ ነጋዴ ለባርነም ተሸጠ፤ በ1885 በካናዳ ባቡር ገጭቶት ሞተ። የማማው ዕድል የዝሆኑን ዕድል ተከተለ ማለት ይቻላል። ግዙፍ ነው ተብሎ ተሾፈበት፤ ከዚያ ሕዝቡ ወደደው፤ ከዚያ በ1980ዎቹ ከአገልግሎት ወጥቶ ተሸጠ።

የገዙት ሰዎች ወደ መኖሪያና ወደ ንግድ ቤት ለመለወጥ ተደጋጋሚ ዕቅድ አቀረቡ። ሙግቱ የጠነከረው በታላላቆቹ እግሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የመሙላት ሐሳብ በተነሣ ጊዜ ነው። ለነጋዴ ዓይን ያ ቦታ ያልተከራየ ክፍል ነው። ለሕንፃ ዓይን ግን ማማው ራሱ ያ ባዶ ቦታ ነው፤ ከሺህ ቶን በላይ ውሃ ከላይ ተሸክሞ ከታች ነፋስና ብርሃን ማሳለፉ ነው ግርማው። የከተማው ሰው ይህን ያለ መምህር ተረዳ፤ ተቃወመ፤ ዕቅዶቹም ሳይሆኑ ቀሩ። በ2020ዎቹ ማማውን ጠግኖ ለሕዝብ የሚከፍት፣ የቅርስ ፈንድ ድጋፍ ያገኘ ዕቅድ ተያዘ። ይህ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ተራ የሚባለው ሰው ሕንፃ ማንበብ አያውቅም የሚለው ንቀት መሠረት የለውም።

ሁሉን ማቆየት አይቻልም የሚለው የመጨረሻው መከራከሪያ ነው። አዎን፣ አይቻልም። የተሰነጠቀና በአላፊ አግዳሚው ላይ የሚወድቅ ግንብ በፍቅር ብቻ አይቆምም። ነገር ግን ሁሉን ማቆየት አይቻልም ማለት ያለ ምርጫ ማፍረስ ይቻላል ማለት አይደለም። የሚፈርሰው ከመፍረሱ በፊት ልኩ ይወሰድ፣ ንድፉ ይነሣ፣ ይሠሩበት የነበሩ ሰዎች ቃል ይመዝገብ። የሚቆመው ደግሞ ባዶ ቅርፊት ሆኖ አይቁም፤ ገንዳውና ቧንቧው፣ ውሃው እንዴት ይወጣና ይወርድ እንደነበር የሚያሳየው ሁሉ አብሮት ይኑር። ከሁሉም በላይ በማን እጅ ቢገባ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢሆን፣ ሕዝብ ደረጃውን የሚወጣበት መብት በሽያጩ ውል ውስጥ ይጻፍ። በጋራ ጥቅም ስም የተሠራ ሕንፃ ከዚህ ያነሰ ዕዳ የለበትም።

አፕልተን ራሱ በ1970ዎቹ ውሃ መስጠቱን አቆመ። ያዳነው በ1965 የተመሠረተው፣ የተጣሉ ሕንፃዎችን እየጠገነ ለአጭር ጊዜ ዕረፍት የሚያከራየው ላንድማርክ ትረስት የተባለ ድርጅት ነው። መፍትሔው ፍጹም አይደለም፤ ኪራዩን መክፈል የማይችል ሰው በውስጡ አያድርም። ግን ንጉሣውያን ብቻ ይወጡበት የነበረውን ደረጃ ዛሬ ተከራይቶ ያደረ ሁሉ ይወጣዋል፤ በሦስት ወገን ሜዳውን፣ በአራተኛው የባሕር ሰላጤውን ያያል። ሲወርድም ጠባቂው ይኖርበት በነበረው ክፍል በኩል ያልፋል። ያ ጠባቂ በብርድ ሌሊት እሳቱን ቢያጠፋ ኖሮ የጌታውም ውሃ ይረጋ ነበር። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ጭስ መውጫው በገንዳው መካከል ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል። የውሃ ማማ ጥቅሙ አብቅቷል የሚሉ ሁሉ ይህን ትምህርት በምን እንደሚተኩት አስቀድመው ይናገሩ፤ ዶማውን ከዚያ በኋላ ያንሡ።